ፈረንሳዮቹ ያሸነፉበት ዓመት

ውድ ወንድሜ ኤቮዲዮ፦

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልህ ያዘዘኝ የሰፈሩ ኮሚቴ ነው። በራሴ ፈቃድ ቢሆን ኖሮ የምልክልህ ስድብ ብቻ ነበር፤ እሱንም አሳጥሬ። አድራሻህን ያገኘሁት ከአክስት ብሪሂዳ ነው። ላትናገር በጓዳሉፔዋ እመቤት ምላልሃለች አሉ፤ አንድ ሳህን የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ይዤላት ስሄድ ግን መሐላዋን ረሳችው። ቬራክሩዝ መሆንህ ከታወቀ ወዲህ ሰፈሩ ምን እንደሚል ልንገርህ? «ፈረንሳዩ ወደመጣበት ባሕር ተመለሰ» ይላሉ። እኔም ስቄያለሁ።

መልእክቱ አጭር ነው፤ አስቀድሜ ላድርሰውና ይውጣልኝ። የጄኔራሉ ባርኔጣ ያንተ ነው ብለዋል። ለሚመጣው ሜይ አምስት መጥተህ አድርገው ነው የሚሉት። የኮሚቴው አለቃ ዶን ክሪስፒን ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤቴ ድረስ መጡ፤ ወንበር ባቀርብላቸውም አልተቀመጡም። «ኮረብታውን የያዘ ባርኔጣውን ይይዛል። ሕግ ሕግ ነው። ለወንድምሽ ጻፊለት፤ ከመላክሽ በፊት ደግሞ ታነቢልናለሽ» አሉኝ። እሺ፣ አነብላቸዋለሁ። እያንዳንዷን ቃል ይሰሟታል። አንተም የምታውቀውን ነገር ስደጋግምልህ ለቀባሪው አረዱት እንዳትለኝ፤ እዚህ ተቀምጠው የሚያዳምጡት ናቸው መስማት ያለባቸው።

አባባ መሞቱን ሰምተሃል። እንዴት እንደሞተ ግን አክስት ብሪሂዳም አታውቅም። በሕይወት ሳለ ሁላችንም «እርስዎ» ስንለው ኖረናል፤ ከተቀበረ ወዲህ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። ንቀት አይደለም። ደክሞኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጆሮህን ከወሰደብህ ጠመንጃ በፊት ይመስለኛል። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ስለ ፑዌብላው ጦርነት ያስተማረችን ቀን ትዝ ይልሃል? ፈረንሳዮቹን በዓለም ላይ የሚያሸንፋቸው እንዳልነበረ፣ በባሕር መጥተው በቬራክሩዝ በኩል እንደገቡ፣ ሜይ አምስት ቀን ግን የኛ ሰዎች፣ ከተራራ የወረዱ ገበሬዎች ሳይቀሩ፣ ባረጀ ጠመንጃና በቆንጨራ ከምሽጉ ሥር ጭቃ ላይ እንዳስቀሯቸው ነገረችን። ክፍሉ በጩኸት ሲናጋ አንተ እጅህን አውጥተህ «ከዚያስ?» አልክ። ሴትዮዋ መዋሸት አትችልም ነበር። በዓመቱ ብዙ ሆነው ተመልሰው ከተማዋን እንደያዙ፣ ከባሕር ማዶም ንጉሠ ነገሥት አምጥተው እንደጫኑብን ነገረችህ። ያንን ይዘህ መጥተህ ምሳ ላይ ለአባባ አወራኸው። በጥፊ አጮለህ። «በዚህ ቤት ከሜይ አምስት ቀጥሎ ያለው ሜይ ስድስት ነው፤ ሌላ ነገር የለም» አለ። እማማ ሾርባህ ላይ የተንጠባጠበውን የአፍንጫህን ደም በማንኪያ እየቀዳች አወጣችና የቀረውን እንድትጠጣ ሰጠችህ።

በፑዌብላ በዓሉ ሰልፍ ነው፤ ወታደርና ተማሪ በመንገድ ያልፋል፣ ሰው ያጨበጭባል። ከድንበር ወዲያ ያሉት በቀኑ ስም ቢራ ይጠጣሉ፤ ለምን እንደሚጠጡ ግን ብዙዎቹ አያውቁም። እኛ እንዋጋለን። ከፔኞን ኮረብታ ሥር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር አጠገብ ተወልዶ ያልተዋጋ ወንድ፣ ወንድ አይባልም። ግማሹ ሰው ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ፣ ነጭ ሱሪና የሣር ባርኔጣ አድርጎ የተራራው ገበሬ ይሆናል፤ ግማሹ ሰማያዊ ኮት ለብሶ ፈረንሳይ ይሆናል። ሕጉን አያቶቻችን ናቸው ያወጡት ይባላል፤ ያጠበቀው ግን አባባ ነው። ጠመንጃው ዝም ያለ ሰው ይወድቃል። ባሩድህ ካለቀ ሞተሃል፤ ትጋደማለህ፤ የማርሽ ባንዱ እስኪመታ አትነሳም።

ለዚህ ነው ለፈረንሳዮቹ ግማሽ ባሩድ ብቻ የሚታደላቸው። እሱንም መንገድ ለመንገድ ተኩሰው ይጨርሱትና ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፣ ይወድቃሉ። አዛዣቸው ብቻ ቆሞ ይቀራል። እሱ ከአለቱ ወርዶ፣ ቤተ ጸሎቱ ደረጃ ሥር ለጄኔራሉ ተንበርክኮ ጎራዴውን ያስረክባል። ጄኔራሉም በጎራዴው ጠፍጣፋ ጎን ትከሻውን ይመታዋል። በአያታችን ጊዜ መንካት ብቻ ነበር አሉ። ምት ያደረገው አባባ ነው። ጄኔራሉም እሱ ነበር፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ።

አንተም መጀመሪያ ፊትህን ጥላሸት ተቀብተህ ከኛው ወገን ነበርክ። ጢም እንኳ አላወጣህም ነበር። ከጎንህ የነበረው ሰውዬ ጠመንጃ ፈነዳና ግራ ጆሮህን ይዞት ሄደ። የያዝከውን ጥለህ ሮጥክ። እማማ ፈልጋ ያገኘችህ ፍል ውሃው መታጠቢያ ቤት ነው፤ ከነልብስህ ገንዳው ውስጥ ተቀምጠህ፣ ጥላሸቱ ከፊትህ እየወረደ። ጆሮህ ከዚያ ወዲህ አልሰማም። አባባ ግን ሰበብ ነው አለ። የሚሸሽ ከሚሸሹት ጋር ይሁን ብሎ በዓመቱ ሰማያዊውን ኮት አለበሰህ፤ ውሎ አድሮም አዛዣቸው አደረገህ፣ የሚንበረከከው እሱ ነውና። ከዚያ ወዲያ ስምህ ጠፋ። ገበያ ብትወጣ፣ አውቶቡስ ብትሳፈር፣ «ኤቮዲዮ፣ ውሃው ሞቀ?» ነው። ሕፃኑም ሽማግሌውም። የእማማ ለቅሶ ላይ እንኳ አንድ የማይረባ ሰው ብሎሃል፤ አንተም እንደልማድህ ፈገግ አልክለት።

እኔን የሚያነደኝ ይኸው ፈገግታህ ነው። ሰዉን አልወቅስም፤ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። አንተ ግን በየዓመቱ ኮትህን ራስህ ተኩሰህ፣ አዝራሩን ራስህ አጥብቀህ፣ በእግርህ ሄደህ ነው የምትንበረከከው። የአባባ እጅ ደግሞ ዓመት በዓመት እየከበደ ሄደ። አንዴ ትከሻህ አብጦ ሳምንት ሙሉ ግንብ መገንባት አልቻልክም። ቅባት ሳሽህ «እጁ ስቶ ነው፣ አርጅቷል እኮ» አልከኝ። ያን ቀን እኔም በጥፊ ልልህ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ካቻምና ገና ላይ ግን፣ ሁላችን ማዕድ ከበን ሳለ፣ አባባ እግሩ እርካብ መርገጥ እንደተሳነው ተናገረና ወደ አንተ ዞረ። «ለሚመጣው ሜይ ባርኔጣውን አንተ ታደርገዋለህ» አለ። ሹካህን አስቀምጠህ አለቀስክ። ባሌ ባልታሳር ሳቁን ለመደበቅ ናፕኪን አፉ ውስጥ ሊከት ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ቴክስኮኮ እየሄድክ ፈረስ መጋለብ ተማርክ። ቡትስ ጫማ ገዛህ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተለየ አይደል፣ ማታ ማታ ቡትሱን አድርገህ ክፍልህ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል እሰማህ ነበር። ሰው በዚህ ዕድሜው እንደ ልጅ ሲደሰት ማየት ትንሽ ያሳፍራል። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

ባርኔጣው የሚሰጥበት ስብሰባ የተደረገው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው። አባባ ባርኔጣውን ይዞ ቆመና «ና» አለህ። ሰው መሀል ለመሀል መንገድ ከፈተልህ፤ አዲሱ ቡትስህ ድንጋዩ ላይ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ፊቱ ደርሰህ ራስህን ዝቅ አደረግህለት። እሱ ግን እጁን በአንተ ራስ ላይ አሳልፎ፣ ከኋላህ ለቆመው ለባልታሳር ደፋለት።

«ይህ ባርኔጣ ለሚሸሽ ራስ አይሆንም» አለ። «ሂድ ልጄ፣ ውሃው እንዳይበርድብህ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ዶን ክሪስፒን፣ እርስዎም ስቀዋል፤ አሁን ሳነብልዎት ወደ መሬት አይዩ። ባልታሳርማ ለካ አስቀድሞ ያውቅ ኖሯል፤ ከወር በፊት ራሱን ለክተውታል። አንድ ጎሚስታ፣ ሙሉ ቀን ከጎማ ጋር ሲታገል የሚውል ሰው፣ የጄኔራል ባርኔጣ ሲደፋ ምን እንደሚመስል አይተሃል። ከሁሉ የከፋው ግን አንተም አብረህ መሳቅህ ነው። ስቀህ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅህ፤ የፈረንሳዮቹን ባሩድ ራስህ እንድታድል። አባባ «ውሰደው፣ ከፈለግህ ሾርባህ ላይ ነስንሰው» አለህ።

በዓሉ ቀን እኔ እንደወትሮው ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ፤ ፊቴን ጥላሸት ተቀብቼ፣ ቶርቲያና የዶሮ እግር በጀርባዬ አዝዬ ከኛዎቹ ኋላ ኋላ እከተላለሁ። ከጧት ጀምሮ ፈረንሳዮቹ አይተኩሱም። በአንደኛው መንገድ አለፋችሁ፣ ዝም። በገበያው በኩል አለፋችሁ፣ ዝም። ሰው ከየጣሪያው፣ ከየውሃ ታንከሩ ላይ ሆኖ ይሰድባችኋል። «ባሩዱን ሸጠው ጠጡበት» የሚልም ነበር። «ውሃው ሞቀ?» የሚለውማ ከባንዱ ድምፅ በልጦ ነበር።

የኛዎቹ ደግሞ የሚመልስ ሲያጡ ባሰባቸው። ሴት ያለችበት በረንዳ ባዩ ቁጥር ይተኩሳሉ፤ ስልክ የደቀነ ባዩ ቁጥር ይተኩሳሉ። ባልታሳር በተከራየው ፈረስ ላይ ሆኖ ጎራዴውን ባወዛወዘ ቁጥር መንገዱ በጢስ ይሞላል። ባሩድ ቆጥቦ የሚያውቅ ሰው የለማ። ኮረብታው ላይ የኛ ሰው ባሩድ አስፈልጎት አያውቅም፤ እዚያ ስንደርስ ፈረንሳዩ ወድቆ ነው የሚጠብቀን። ይህን የሚያውቅ ደግሞ በየዓመቱ የሚሸነፍ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ገባኝ፤ ግን አፌን ዘጋሁ።

ከቤተ ጸሎቱ በላይ ያለው አለት ላይ ተሰልፋችሁ ቆማችሁ ነበር፣ ሁላችሁም ቆማችሁ። ባልታሳር ከታች ሆኖ «ተኩሱ» አለ። ቃታ ሲሳብ ሰማሁ፤ ሌላ ምንም። ዶን ክሪስፒን የባሩድ ቀንዳቸውን ገልብጠው አራገፉት። «አልቆብኛል» አሉ፣ ቁልፉን እንደጣለ ሰው ኪሳቸውን እየዳበሱ። በዚህ ጊዜ እናንተ ተኮሳችሁ። ከጧት ጀምሮ ያጠራቀማችሁትን በአንድ ላይ። መስኮት ረገፈ፣ ርግቦቹ ሁሉ ተነሱ፣ የባልታሳር ፈረስ በኋላ እግሩ ቆመ።

ጢሱ ሲገለጥ የሆነውን ከላይ ሆነህ አይተኸዋል፤ የተባለውን ግን አልሰማህም። ዶን ክሪስፒን መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መሬት ላይ አነጠፉ። «ዶን ክሪስፒን፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አላቸው ባልታሳር። «ልወድቅ ነዋ፤ ጠመንጃዬ ዝም ብሏል» አሉት። «ለፈረንሳይ?» ሲላቸው «ሕጉ ለማን አይልም፤ ይውደቅ ነው የሚለው» ብለው በጎናቸው ተጋደሙ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላው ወደቀ፣ ሌላው ወደቀ። አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ እየተራገመ። አንዲት እናት ልጇን «ተነስ አንተ ቆሻሻ፣ አታዋርደኝ» እያለች በጫማ ትደበድበዋለች፤ እሱ ሞቻለሁ ብሎ አይንቀሳቀስም።

ባልታሳር ብቻውን ቀረ። «ውጣ» አልከው። በየዓመቱ የምትወርደው አንተ ነበርክ፤ ያን ጊዜ ግን ጄኔራሉ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁት። ከፈረሱ ወረደ፣ ሆዱን ይዞ አለቱን ቧጠጠ፣ ጎራዴውን ሰጠህ፣ ዞሮ አየኝና ተንበረከከ። ዛሬ ሲጠየቅ ሱሪዬ ተቀዶ ልሸፍነው ብዬ ነው ይላል። አንተም ጎራዴውን አነሳህ። ትነካዋለህ ብዬ ነበር። መታኸው። በጠፍጣፋው ነው፣ አዎ፤ ግን ድምፁ እታች ድረስ ተሰማ። ከዚያ ያን ኮትህን አውልቀህ ትከሻው ላይ ጣልክበት።

አባባ ደረጃው ላይ ወንበሩ ውስጥ ነበር። ጦርነቱን ያስጀመረበትን ሽጉጥ ገና እንደጨበጠ ነው። በምርኩዙ ተነስቶ ቆመ። የዚያን ያህል ቀጥ ብሎ የቆመበትን ጊዜ አላስታውስም።

«ውረድና ተንበርከክ» አለህ።

«ባሩድ አለዎት?» አልከው።

ምርኩዙን ደረጃው ላይ መታ።

«ባሩድ ከሌለዎት ይውደቁ። ሕጉ የእርስዎ ነው። በዓመቱ ተመልሰው መጥተዋል አባባ፣ ያኔም ነግሬዎታለሁ።»

እሱ ሁለተኛ ሲጮህ ግራ ጆሮህን አዙረህለት ቆምክ። ከዚያ ጎራዴውን ጥለህ በጀርባ በኩል፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አጥር በኩል ሄድክ። እዚህ ላይ ነው አንተ የማታውቀው የሚጀምረው። ያልሰማኸው ቃል ይኼ ነው፦ «ያኔ እዚያው ፍል ውሃው ውስጥ ሰጥመህ ብትቀር ኖሮ አለቅስልህ ነበር።» እንኳን አልሰማኸው ብዬ ነበር። ግን ብቻዬን ልሸከመው አልቻልኩም፤ አንተም ያዝልኝ።

ይህን ብሎ ሽጉጡን ወደ ጀርባህ ደግኖ ቃታውን ሳበ። ቀጭ አለ። ደግሞ ሳበ፤ ቀጭ። ከዚያ ወደቀ።

ሰዉም አጨበጨበ። ገባህ ኤቮዲዮ? ሽማግሌው ሕጉን አክብሮ ወደቀ ብለው አጨበጨቡለት። ስልካቸውን ደግነው ቀረጹት፣ «ጀግና» አሉት፣ ባንዱም መታ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። በሕይወቴ ደስ ብሎኝ ያጨበጨብኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ባንዱ ሲመታ የሞተ ሁሉ ይነሳል አይደል፤ ሁሉም ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ቢራውን ፈለገ። ዶን ክሪስፒን መሐረባቸውን አጥፈው «ዶን ናዛሪዮ፣ አበቃ እኮ፣ ይነሱ» ብለው ትከሻውን ሲነኩት አፉ በአንድ ጎን ተንሻፍፎ አገኙት።

ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆነ። የዝናቡን ወራት ሙሉ እኔ ቤት ተኛ። አገላበጥኩት፣ አጠብኩት፣ አጥሚት በማንኪያ አበላሁት። ምስጋና እንዳይመስልህ የምፈልገው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። አእምሮው እዚያው ኮረብታ ሥር ቀርቶ ነበር። ለእሱ ያ ቀን አልመሸም፤ አንተም ከአለቱ ላይ ቆመሃል፣ እሱም ይጠብቅሃል። ከነበረው ቃል ሁሉ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት። ጧት ዓይኑን ሲገልጥ «ወረደ?» ይለኛል። «አልወረደም» እለዋለሁ። ያፈጥብኛል፣ አጥሚቱን ፊቴ ላይ ይተፋብኛል። በማግሥቱም «ወረደ?»

ቄሱ መጥተው «አንቺ ልጅ፣ ምን ይጎዳሻል? ወርዶ ተንበረከከ በይውና በሰላም ይሂድ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ውሸት ኃጢአት እንደማይሆን ሊያስረዱኝ ብዙ ደከሙ። ባልታሳርም ለመነኝ። እሱስ የለመነኝ ለአባባ አዝኖ አይደለም፤ ወረደ ከተባለ የእሱም መንበርከክ የተሰረዘ መስሎት ነው። አክስት ብሪሂዳ እያለቀሰች ለመነችኝ። አንድ ቃል ነበር የሚፈልገው፤ በእጄ ነበር፤ አልሰጠሁትም። ለአንተ ሲሆን እሱ ስንት ዓመት አንዲት ቃል ነፈገህ? ጨካኝ ነሽ ብለውኛል። ነኝ። ከማን ተማርኩት?

የመጨረሻው ቀን ድምፁ ከጉሮሮው አልወጣ ብሎ በከንፈሩ ነው የጠየቀኝ። ባልታሳር ከኋላዬ ሆኖ በክርኑ ይጎስመኛል። ጎንበስ ብዬ በደህናው ጎኑ በኩል በጆሮው «አልወረደም አባባ። አይወርድም» አልኩት። ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

ኮሚቴው እንግዲህ ከቀብሩ በኋላ ተሰብስቦ የወሰነው ይኼን ነው። ኮረብታውን የያዝከው አንተ ነህና ባርኔጣው ላንተ። የተንበረከከው ባልታሳር ነውና ሰማያዊው ኮት ለእሱ፣ ዕድሜ ልኩን። ለፈረንሳዮቹም ከእንግዲህ አንድ ፍሬ ባሩድ እንዳይሰጥ። ይህን ሁሉ ባንድ ቁጭታ ወሰኑት። ሰፈሩ ደግሞ እንዴት እንደሚያውቅበት ታውቃለህ፤ ባልታሳር ጎማ ሊነፋ ቁጢጥ ባለ ቁጥር «ዶን ባልታሳር፣ ለማን ነው አሁን ደግሞ የሚንበረከኩት?» ይሉታል። ደንበኛ ሲመጣ ቆሞ ለመሥራት ይሞክራል። ያንተን ስም የሚያነሳ ሁሉ ግን «ዶን ኤቮዲዮ» ሆኗል። ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነው።

ኮትህን አስፍቼለታለሁ፤ ጎኑን ተርትሬ ሌላ ጨርቅ አስገባሁበት፣ እንዲያም ሆኖ አዝራሩ አይደርስም። ስለዚህ አትምጣ የምልህ ለባሌ አዝኜ እንዳይመስልህ። እሱ ቢንበረከክ አያልቅበትም፤ ቤቱ ውስጥም ትንሽ ትሕትና ተምሯል። የምልህ ለሌላ ነው። ባልታሳርን ስትመታው አይቼሃለሁ። ክንድህ እንዴት እንደተነሳ፣ አፍህ እንዴት እንደተገጠመ አየሁ፤ ያንን ክንድ አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓመት አንተ ላይ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ባርኔጣውን ካደረግህ በዓመቱ ትደግመዋለህ። በሦስተኛው ዓመት እጅህ ይለምደዋል። እነሱም የሚፈልጉህ ለዚህ ነው፤ አባባ ከሞተ ወዲህ የሚመታላቸው አጥተዋል።

ዶን ክሪስፒን፣ ይህንንም ሰምተዋል። አሁን ፖስታውን አሽጌ እልከዋለሁ።

ወንድሜ፣ አባቴ በየቀኑ ጠየቀኝ፣ በየቀኑም አልወረደም አልኩት፤ አይወርድም ብዬው ነው የሞተው። ለአንድ ባርኔጣ ብለህ እሱ ይቆምበት ወደነበረው ደረጃ ወርደህ በሬሳ ፊት ውሸታም እንዳታደርገኝ።

እህትህ
ኦቲሊያ